ምጣዱ አንዴ ከጋለ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ማዕድ ቤት ጊዜ ቆጣቢ ልማዶች

ቤት ውስጥ ጊዜ የሚበላው ሥራው ብቻ አይደለም፤ መነሻውም ነው። ምጣዱ እስኪግል፣ ከሰሉ እስኪቀጣጠል፣ ሽንኩርቱ እስኪላጥ የሚሄደው ሰዓት በሳምንት ሲደመር ብዙ ነው። ለአንድ ቀን ወጥም ሆነ ለአምስት ቀን ወጥ ቢላ ማውጣቱ፣ መክተፊያ ማጠቡ፣ ልጣጭ መጣሉ ያው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚመለሰው ወደ አንድ ነገር ነው፦ እሳት ከተነሳ በዚያ እሳት የሚሠራውን ሁሉ አንድ ላይ መጨረስ።

ቦታውም ይወስናል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ መንገድ የሚለያዩ ከተሞች ሆነው ሊጡ የሚደርስበት ቀን፣ ሽንብራው የሚበስልበት ሰዓትና ልብሱ የሚደርቅበት ጊዜ በሁለቱ አንድ አይደለም። የደሴን ልማድ ይዛ ኮምቦልቻ የገባች ሙሽራ የመጀመሪያው ቡኮዋ ቢኮመጥጥባት አይፈረድባትም።

እንጀራ፦ ከመጋገሪያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ያቦካል፣ ከዚያ ሊጡ ሲደርስ ጊዜ ፍለጋ ይሯሯጣል። መገልበጥ ነው። መጀመሪያ የምትጋግሩበትን ጠዋት ምረጡ፤ ለምሳሌ ዓርብ። በደሴ በበጋው ወራት ማክሰኞ ማታ ማቡካት ይበቃል። ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን አንድ ቀን ጨምሩና ሰኞ ማታ አቡኩ። በኮምቦልቻ ሙቀት ረቡዕ ማታ የተቦካ ለዓርብ ጠዋት ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይኮመጥጣል።

በክረምት ደሴ ላይ ቡኮው እምቢ የሚለው እርሾው ስለሞተ ሳይሆን ስለበረደው ነው። ለብ ባለ ውሃ አቡኩ፤ ለብ ያለ ማለት ጣት ሲነከር ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይሰማ ነው። ዕቃውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሱና በርጩማ ወይም እንጨት ላይ አስቀምጡ። ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይስባል። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ከሊጡ በላይ የሚያቁረውን ውሃ በየቀኑ ቀድታችሁ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ብትተኩት ኩምጣጤው ልክ ላይ ይቆያል።

አብሲት ላይ ቸኩሎ ጊዜ ያተረፈ የለም። ለ5 ኪሎ ዱቄት ቡኮ የሊጡን አንድ አሥረኛ ያህል ቀንሱ፣ በሦስት እጥፍ የፈላ ውሃ እያማሰላችሁ እንደ ቀጭን ገንፎ አብስሉት። ከዚያ ጣት እስኪችለው ድረስ ይብረድ። ትኩሱን ወደ ሊጡ ከመለሳችሁት እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ፈጽሞ ቀዝቅዞ ከገባ ደግሞ ሊጡ ኩፍ እስኪል ሰዓታት ይወስድባችኋል። ልክ ሆኖ ከገባ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳል። ይህን ጊዜ ቆማችሁ አትጠብቁት፤ ሽንኩርት የሚላጠው ያኔ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ገደማ ይወስዳል። በተራ ማከፋፈያ ገመድ አትሰኩት፤ ገመዱ ግሎ ይቀልጣል። ከስቶቭ ጋር አንድ ላይ ካበራችሁት ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። ምጣዱ ለመጋል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ እንጀራ ግን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ብቻ ነው። አሥር እንጀራ ለሁለት ቀን ከመጋገር 25 እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር የሚሻለው ለዚህ ነው። ከዚያም የሚሻል አለ፦ ከጎረቤት ጋር መስማማት። አንዷ ጨርሳ ምጣዱ ሳይበርድ ሌላዋ ትቀጥላለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምጣዱ በሌላዋ ቤት ይጣዳል። ሁለት ቤት በአንድ ማጋያ ይወጣል፤ ጨዋታውም በነጻ ነው።

የመጀመሪያዋ እንጀራ ከተጣበቀች ወይ ምጣዱ በደንብ አልጋለም፣ ወይ ካለፈው የቀረ ፍርፋሪ አለበት። በጎመን ዘር አስሱት፣ ትንሽ ጠብቁና እንደገና ሞክሩ። ምጣዱ ላይ ዘይት አታፍሱ፤ ሸክላው ዘይት ከጠጣ በኋላ ዓይን መስጠት ይሰንፋል። የመጨረሻውን እንጀራ ስታሰፉ ማብሪያውን አጥፉት፣ ሸክላው በያዘው ሙቀት ያበስለዋል። በቀረው ሙቀት ላይ የተረፈ አሮጌ እንጀራ ቆራርሳችሁ ዘርጉበት፤ ድርቆሽ ሆኖ ወጥ ላልደረሰበት ቀን ፍርፍር ይሆናል።

እንጀራ ቶሎ የሚሻግተው በብዙ ቤት በአንድ ምክንያት ነው፦ ትኩሱ በትኩስ ላይ ይደረብና እንፋሎቱ መሶብ ውስጥ ይታፈናል። እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ 10 ደቂቃ ያህል አብርዳችሁ ደርቡ። ለኮምቦልቻ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚበላውን ግማሽ በተጋገረበት ቀን በፌስታል ጠቅልሎ ፍሪጅ ማስገባት። ከፍሪጅ የወጣ እንጀራ ደርቆ ይሰባበራል፤ ከመብላታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ካወጣችሁት ይለሰልሳል።

ቁሌት፦ የሳምንቱ ግማሽ ሥራ

ከምንም በላይ ጊዜ የሚያተርፈው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን ያዙ። ለአንድ ወጥ ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍና ማቁላላት 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በሳምንት አምስት ጊዜ ከሦስት ሰዓት በላይ ማለት ነው። የአምስቱን ቀን አንድ ላይ ማቁላላት ግን ከመላጡ ጋር ሁለት ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል፣ ከዚያም አብዛኛው ድስቱ ራሱ የሚሠራው ነው።

የሚያስፈልገው 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 700 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ 300 ግራም ገደማ በርበሬ ነው። በርበሬው እንደ ቤታችሁ አቅምና እንደ በርበሬው ኃይል ይቀነሳል ወይም ይጨመራል።

ሰፊ ድስት ምረጡ። ጠባብና ጥልቅ ድስት ውስጥ የሽንኩርቱ ውሃ መውጫ ያጣና ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ሰዓቱም እጥፍ ይሆናል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ ውሃው ይመጥጣል፣ መልኩም ይለወጣል። ዘይት በመጀመሪያ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል፣ ጫፍ ጫፉ ይደርቅና ወጡ ውስጥ ቁርጥራጩ አልቀልጥ ይላል። ብሌንደር ያላችሁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትፍጩት፤ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ከክትፎ ደቀቅ እስኪል ብቻ። እንደ ጭማቂ የሆነ ሽንኩርት ውሃው በዝቶ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ይረጫል፣ ጣዕሙም ይመራል።

ሽንኩርቱ ሲደርቅ ዘይቱን ጨምራችሁ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨምራችሁ 5 ደቂቃ አቁላሉ። አሁን ቆም በሉ፤ ሲሶውን ቀንሱና ለብቻ አስቀምጡ። ያ የአልጫ ነው፤ ለክክ አልጫ፣ ለድንች፣ ለጥቅል ጎመን እርድ ብቻ ጨምራችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። በቀረው ላይ በርበሬውን ከግማሽ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ጋር ጨምሩ። በርበሬ በደረቅ ዘይት ላይ ከወደቀ በደቂቃ ውስጥ ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ ምንም ቢጨመርበት አይመለስም። ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ እየጨመራችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አብስሉት። ጨው እዚህ ላይ አታስገቡ፤ ወጡ ሲሠራ ይገባል፣ አለበለዚያ ሽሮውም ሥጋውም እኩል ጨው ይቀምሳሉ።

ቁሌቱን በዘይት እንጂ በቅቤ አትሥሩት። በዘይት የተሠራ ቁሌት ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመውም ለማይጾመውም፣ ዐቢይ ጾም ሲገባም ያገለግላል። የፍስክ ወጥ ሲሆን ንጥር ቅቤው በመጨረሻ ላይ ይገባል፤ ሽታውም ያኔ ነው የሚጎላው።

ከወረደ በኋላ ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ። መሃሉ ለሰዓታት ሙቅ ሆኖ ይቆያል፣ በዙሪያው ያለውንም ምግብ ያሞቃል። በግማሽ ሊትር ዕቃ እየከፈላችሁ አብርዱና በሁለት ሰዓት ውስጥ አስገቡ። ከ4 እስከ 5 ዕቃ ይወጣዋል፣ አንዱ ለ5 ወይም ለ6 ሰው ወጥ ይበቃል። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን የሚሆነው ፍሪጅ፣ የቀረው ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። "ደሴ ራሷ ፍሪጅ ናት" እየተባለ ማዕድ ቤት ወለል ላይ የሚያድረው ቁሌት በክረምት ሌሊት የሚያመልጥ ይመስላል፤ ቀን ሲሞቅ ግን የሚበላሸው እሱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ለአንድ ሌሊትም አይሞከርም።

በእጃችሁ ቁሌት ካለ ሽሮ 15 ደቂቃ፣ ምስር ወጥ 25 ደቂቃ አካባቢ ነው። በኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ለምትሠራ እናት ልዩነቱ ከሥራ መልስ ቁጭ ብሎ በመብላትና ቆሞ በማማሰል መካከል ነው።

ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጣት የሚያቃጥል ሥራ ነው። ፍልፍሉን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ልጣጩ በአውራ ጣት ይወጣል። ሁለት እጅ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እጅ ዝንጅብል አድርጋችሁ ፍጩና በበረዶ መሥሪያ ላይ ከፍላችሁ አቀዝቅዙ። ዘይት ውስጥ ነክሮ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው፤ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ሽታም መልክም ሳይለውጥ የሚመርዝ ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል።

ጥራጥሬና ከፍታው

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ። እሳቱን ብታነዱት ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም፤ ለዚህ ነው ዝቅ ካለ አገር የመጣ የአሠራር መመሪያ ላይ ያለው ሰዓት ለሽንብራና ለቦሎቄ የማይበቃው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ መዘፍዘፍና ፕሬዠር ድስት።

ሽንብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ማታ ይዘፈዘፉ፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይቆዩ። ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ይቀቀሉ። ክክ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢዘፈዘፍ ይበቃዋል፤ ቀይ ምስር አያስፈልገውም። ኮምጣጣ ነገር፣ ማለት ቲማቲምና ሎሚ፣ ጥራጥሬው ሳይበስል ከገባ ልጣጩን ያጠነክረዋልና በመጨረሻ ይግባ።

ፕሬዠር ድስቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ስለሆነ ደሴ ላይ ሲሶ ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ጨምሩበት። ጥራጥሬ ሲሆን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ አረፋው ወደ እንፋሎት መውጫው ይወጣና ይደፍነዋል፣ ከዚያ ክዳኑ አደገኛ ይሆናል። ሽሮ ፈጽሞ አይገባበትም። አንድ ኪሎ ሽንብራ በአንድ ጊዜ ቀቅላችሁ አጥልላችሁ በሁለት ሁለት ኩባያ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡ ሳምንቱን ሙሉ ድስቱን አታወጡትም።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። ሙሉ ከሆነ ሳይከፈት 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ፍሪጁ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ባዶ ቦታውን ውሃ በሞሉ የላስቲክ ጠርሙሶች ሙሉት (ውሃው ሲረጋ ስለሚያብጥ አፉ ድረስ አትሙሉ)።

ወፍጮ፣ ገበያና ማታ

ወፍጮ ቤት በአዘቦት ቀን በጠዋት ሂዱ፤ የበዓል ዋዜማና የረመዳን መግቢያ ሰልፍ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ጤፍና ሽሮ አንድ ላይ ውሰዱ፣ ግን በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ላይ ጤፋችሁ እንዳይገባ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ ቤት ስትደርሱ ጆንያውን ክፈቱና አብርዱት። ትኩሱን አፉን ካሰራችሁት ያልባል፣ ከዚያ ይጓጉላል፣ ይሻግታል።

ሽንኩርትና ድንች በአንድ ጆንያ አታስቀምጡ፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ቃሪያ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ፍሪጅ ይግባ፤ እርጥብ ቃሪያ በሦስት ቀን ይበሰብሳል። ከሰኞ ገበያ ወይም ከፒያሳ ዳገቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ከመመላለስ ሁሉንም አንድ ላይ ገዝቶ ባጃጅ መያዝ በብርም አይከስርም።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት 15 ደቂቃ ብቻ ስጡ፦ ጥራጥሬው ይዘፍዘፍ፣ የልጆች ዩኒፎርም ወንበር ላይ ይሰቀል፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ባዶ ጀሪካኖቹ ቧንቧው ሥር ይደርደሩ። የሽሮ ድስትና የቡኮ ዕቃ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከሩ። ሙቅ ውሃ ሊጡን አብስሎ ያጣብቀዋል፣ ከዚያ በሽቦ መፈግፈግ ነው። ጠዋት አንዴ የፈላ ውሃ ፔርሙዝ ከሞላ ለቁርስም ለከሰዓት ሻይም ይሆናል።

ቡና ላይ ግን መቆጠብ አንመክርም። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን የሚበቃ አንድ ላይ ቆልቶ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ማስቀመጥና በየቀኑ መውቀጥ ይቻላል፤ የተወቀጠ ቡና ግን በማግስቱ ሽታው የለም። አቦል፣ ቶናና በረካ ያለውን ሰዓት ለመቀነስ የሚሞክር ወሎዬ ካለ ጎረቤቱ ይጠይቀዋል።

ልብስ

ደሴ ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ልብስ የሚደርቅበት ቀን አይታወቅም። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ገመዱ ላይ ለመድረስ ማታ መዘፍዘፍ ነው፤ ነጭ ልብስ ሌሊቱን ማደር ይችላል፣ ባለቀለሙ ግን ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ ቀለሙን ይለቃል። ጠምዝዛችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወፍራም ልብሶችን በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ርገጡት፤ ፎጣው የቀረውን ውሃ ይጠጣዋል። ጂንስና ሹራብ ተገልብጠው ይሰጡ፣ ኪሱና ስፌቱ ቀድሞ እንዲደርቅ። ኮምቦልቻ ላይ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ግን ፀሐዩ ቀለም ይበላልና እዚያም ገልብጣችሁ አስጡ።

ልብስ ለማድረቅም ሆነ ለመሞቅ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው አይነቃም። ወጥ ከወረደ በኋላ የቀረውን ፍም ለቡና ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ውጭ አውጥታችሁ አጥፉት።

ረመዳን ሲመጣ

ሳምቡሳ በየቀኑ መሥራት የማፍጠሪያውን ሰዓት ወደ ሩጫ ይለውጠዋል። ለሳምንት የሚበቃ አንድ ቀን ጠቅልሉ። ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ሳይፈርስ ገና ጥርስ ሲይዘው አውርዱና በወንፊት በደንብ አጥልሉ፤ እርጥብ ሙሌት ሊጡን ያርሰዋል፣ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ከተጠበሰ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ለውሱ፣ ፈጽሞ ሲበርድ ሙሉ። ጫፉን በዱቄትና በውሃ ልጥፍ ዝጉ። የተጠቀለለውን እርስ በርስ ሳይነካካ ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ደርድሩና ሁለት ሦስት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ፤ ሲጠነክር ፌስታል ውስጥ ሰብስቡት። መጀመሪያውኑ ፌስታል ውስጥ ከከተታችሁት አንድ ትልቅ ጓል ይሆናል።

ለሾርባ የሚሆነው ገብስ ከሱሁር በኋላ ተዘፍዝፎ ይዋል፤ ከሰዓት ሲጣድ ግማሽ ሥራው አልቋል። ሳምቡሳውን አቅልጣችሁ አትጥበሱ፤ ሊጡ ይላላል። ከፍሪዘር እንደወጣ መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት፣ በአንድ ጊዜ ከአምስት ስድስት ሳይበልጥ ጥበሱት። ብዙ ከገባ ዘይቱ ይበርድና ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ውጪው ይጠቁራል፣ መሃሉ በረዶ እንደሆነ ይቀራል።